ወረፋ ማዟዟር ቤት አይጨምርም

ሰሞኑን ስለ ቀበሌ ቤት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቱ የደሞዙን ግማሽ ለግል አከራይ እየገፈገፈ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን የአንድ ማኪያቶ ዋጋ በማይሞላ ኪራይ መሀል ከተማ ላይ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ይህ ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ ውሉ በአምስት ዓመት ይገደብ፤ አምስት ዓመት በሞላ ቁጥር ገቢው ይመርመር፤ ደህና የሚያገኘው ይውጣና ለባሰበት ይሰጥ። ኪራዩ ወደ ገበያ ዋጋ ይጠጋ፤ ልጅ በወላጁ እግር መተካቱ ይቅር። ተከራዮቹ ቤቱን ሳይጠግኑ ስላስረጁት ደግሞ «የኛ ነው» የማለት መብት የላቸውም። ለዚህ ሁሉ ምሳሌ የሚያደርጉት እንግሊዝን ነው።

እኔ የቀበሌ ቤት ኖሮኝ አያውቅም። የግል ቤት ተከራይ ነኝ። አከራይ «ልጄ ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ሲል ዕቃ ሸክፎ መውጣትን አውቀዋለሁ፤ ልጁ ሳያገባ ቤቱ በጭማሪ ለሌላ ሲከራይም አይቻለሁ። ጸሐፊው የተቆረቆሩለት ሰው እንግዲህ እኔና መሰሎቼ ነን። ነገር ግን በስማችን ያቀረቡት መፍትሔ ለእኛ አንዲት ክፍል አያስገኝልንም።

የሙግታቸው ምሰሶ «ነባሩ ካልወጣ አዲሱ አይገባም» የሚለው ነው። አንድ ቤተሰብ ወጣ፣ አንድ ቤተሰብ ገባ፤ የቤቱ ቁጥር ያው ነው። የወጣው ቤተሰብ አየር ላይ አይኖርም። ደላላ ይዞ የግል ኪራይ ፍለጋ ይወጣል፤ እዚያ ደግሞ ለአንዲት ሰርቪስ ቤት ከእኔ ጋር ይጫረታል። ኪራይ የሚንረው በምን ሆነና? ጸሐፊው የሚሉት መፍትሔ እኔ የቆምኩበትን ወረፋ ያስረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም።

የቀበሌ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ከዚህም እንደሚብስ ያውቃል። በወረዳው መዝገብ ላይ አንድ የቤት ቁጥርና አንድ ተከራይ አለ። ቤቱ ውስጥ ግን በኮምፔርሳቶ ከተከፈለው ክፍል ጀርባ ያገባው ልጅ ከነሚስቱ አለ፤ ቆጡ ላይ ለትምህርት ከገጠር የመጡ የእህት ልጆች ይተኛሉ፤ ከጓዳ በኩል ደግሞ ዓመታት ያስቆጠረ ደባል አይጠፋም። ያንን አንድ ተከራይ «ገቢህ ደርሷል፣ ልቀቅ» ማለት ሦስት ጎጆ መበተን ነው። በምትኩ የሚገባው አንድ ቤተሰብ ነው። ጸሐፊው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲሉ በሐሳባቸው የሚታያቸው ሰፊ ሳሎን ውስጥ ለብቻው የተንፈላሰሰ ሰው ይመስላል። እንዲህ ያለ የለም አልልም፤ እመለስበታለሁ።

ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ነገር እነዚህ ቤቶች ከየት እንደመጡና ለምን እንዳልበዙ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረው ሰውም እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰለት። እንግዲህ የቀበሌ ቤት ማለት ድሮውንም ለድሃ ይከራይ የነበረ የጭቃ ቤት ነው። ቀበሌው ተረከበው እንጂ አልሠራውም። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት፣ እዚህም እዚያም ከተሠሩ ጥቂት ቤቶች በቀር፣ በከተማዋ ስም ለድሃ የሚከራይ ቤት በብዛት ተገንብቶ አላየንም።

ኮንዶሚኒየሙስ? የሚል ይኖራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ያ ፕሮግራም፣ 10/90 በሉት፣ 20/80 በሉት፣ 40/60 በሉት፣ የሚሸጥ ቤት ነው። ቅድሚያ ክፍያና የባንክ ዕዳ መሸከም የሚችል ይገባበታል፤ ያልቻለ ዕጣው ቢወጣለትም ቤቱን ለሌላ አከራይቶ ራሱ ርካሽ ክፍል ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣል። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገቡ ሰዎች በ2014 ዓ.ም. ዕጣ ሲጠብቁ ነበር። በዚህ መሀል የሚከራየው ቤት እየፈረሰ ሄደ፤ ልደታ፣ ባሻ ወልዴ ችሎት፣ በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ። ለፈረሰበት የቀበሌ ተከራይ የሚቀርበው ምርጫ ወይ ኮንዶሚኒየም መግዛት ነው፣ ወይ ምትክ የቀበሌ ቤት መግባት። የገዛው ከኪራዩ መዝገብ ለዘለቄታው ይወጣል፤ የፈረሰውን የሚተካ የኪራይ ቤት ግን በበቂ አይሠራም። ምትክ ቤት የመረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገባው ቀድሞ ከነበሩት በአንዱ ነው፤ ያ ቤት ለወረፈኛ ይሰጥ የነበረ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው በአምስት አምስት ዓመት እናዟዙረው የሚሉት ሀብት በየክረምቱ የሚሟሽሽ ሀብት ነው። አንድም ቤት ሳይጨምሩ ስለ ድልድል ፍትሕ አንድ ሙሉ ጽሑፍ መጻፋቸው ገርሞኛል።

ኪራዩ አነስተኛ ነው ለሚሉት፣ አዎ፣ አነስተኛ ነው። አንዳንዱ ቤት ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ደረሰኙን የቆረጠችውን ሠራተኛ የግማሽ ሰዓት ደሞዝ አይሸፍንም። ይህ ደግሞ ተከራዩንም ጎድቶታል። ኪራይ በሌለበት ጥገና የለም፤ ጥገና በሌለበት ቤቱ በራሱ ጊዜ ይዘማል፤ ከዚያ «ያረጀ ሰፈር» ተብሎ ይፈርሳል። የማልስማማው የገበያ ዋጋ የሚለው ላይ ነው። የምን ገበያ?

የማውቃት አንዲት እናት አለች፤ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ቤቷ አንድ ክፍልና ቆጥ ነው። ማድቤቱ ከግቢው ሰዎች ጋር የጋራ ስለሆነ ምጣድ የምትጥደው በተራዋ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ነው። የሽንት ቤቱ ቁልፍ በር ላይ ባለች ሚስማር ተንጠልጥሎ ለሰባት አባወራ ያገለግላል። ስትገባ ወለሉ አፈር፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር። ወለሉን ሲሚንቶ ያስደረገችው በዕቁቧ ነው። አቡጀዲውን አውልቃ ቺፑድ ያስመታችው ልጇ ሥራ በያዘ ዓመት ነው። ቆርቆሮው ማፍሰስ ሲጀምር ግን ጣራ መንካት ፈቃድ ይጠይቃልና ማመልከቻ አስገባች፤ መልሱ እስኪመጣ ክረምቱ ወጣ። በዚያ ክረምት አልጋዋ ላይ ላስቲክ አንጥፋ፣ አጠገቡ ባልዲ ደቅና ነው ያደረችው።

ተከራዮቹ ቤቱን ሳይጠግኑ አስረጁት የሚለውን ነጥብ ስመለከት ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። መጠገን የአከራይ ግዴታ ነው፤ አከራዩም መንግሥት ነው። እሷ ግዴታዋ ሳይሆን አቅሟን አሟጣ ሠርታዋለች። ለምን? አያስወጡኝም ብላ ስላመነች። በአምስት ዓመት የምትነሳ ብትሆን ኖሮ ዕቁቧን ወለል ላይ ታፈስ ነበር? ማንም ጤነኛ ሰው አያደርገውም። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የቆመ የቀበሌ ቤት ካለ ያቆመው ይኸው የተከራዩ መተማመን ነው። ያንን ነጥቆ ጥገና መጠበቅ አይቻልም።

እኔ ብጠየቅ ኪራዩ ይጨምር እላለሁ። ግን የክፍሉ ስፋትና ይዞታ፣ ውኃና ሽንት ቤቱ የግል ወይም የጋራ መሆኑ ይታይ፤ የቤተሰቡ ገቢም ይታይ፤ በጡረታ አበል የሚኖሩትን አይንካ። የሚሰበሰበውም ለእነዚያው ቤቶች ጥገና ብቻ ይዋል፤ ሒሳቡ በየዓመቱ ወረዳው በር ላይ ይለጠፍ። ዛሬ አሥር ብር የሚከፍል ደሞዝተኛ አምስት መቶ ብር ቢጠየቅ ቅር ይለው ይሆናል እንጂ ቤት አይፈታም። ገቢው ያደገ ሰው ከሰፈሩ ሳይነቀል ድርሻውን የሚያነሳበት መንገድ እያለ ወደ ማስወጣት የሚያስሮጥ ምን አለ?

ወደ ገቢ ምርመራው ልለፍ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን የእንጀራ ጋጋሪ፣ የሊስትሮ፣ የጉልት ቸርቻሪ ገቢ የሚታወቀው በምን ሰነድ ነው? ደሞዝተኛው በፔሮል ይታወቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው አስተማሪውና ነርሷ ናቸው። መርካቶ ውስጥ በሌላ ሰው ፈቃድ የሚነግደው ግን «ሥራ ፈት» ተብሎ ይቀመጣል። አስተማሪውም ቢሆን ሞኝ አይደለም። ጭማሪ ያለው ሥራ ቤት እንደሚያሳጣው ካወቀ ወይ ሥራውን ይተዋል ወይ ገቢውን ይደብቃል። የቀበሌ ቤት ላይ ትርፍ ሥራ መሥራትን የሚያስቀጣ ሕግ ማውጣት ለከተማዋ ምን ይጠቅማታል?

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን መርማሪው ነው። በየአምስት ዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ «ይቆይ» ወይም «ይውጣ» የሚል ፊርማ ለወረዳ ሠራተኛ መስጠት ምን እንደሚወልድ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በጥር 2013 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ራሱ ባስጠናው ጥናት ያለአግባብ የተያዙ ኮንዶሚኒየሞችና የቀበሌ ቤቶች እንዳሉ ለሕዝብ ይፋ አድርጓል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ከወጣ በኋላ፣ መረጃው ውስጥ እጅ ገብቶበታል ተብሎ ተሰረዘ፤ ዕጣው በ2015 እንደገና መውጣት ነበረበት። ካሜራ ፊት የሚወጣ ዕጣ እንዲህ ከሆነ፣ በሩ ተዘግቶ የሚካሄድ የገቢ ምርመራ እንዴት ይሆናል? የሚያፈናቅለው ሀብታሙን ይሁን ዘመድ የሌለውን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አብሬያቸው እቆማለሁ። የራሱ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም እያለው የቀበሌ ቤቱን በወር ብዙ ሺህ ብር ለሌላ ያከራየ፣ ወይም ቆልፎ ውጭ አገር የሄደ፣ ወይም መኖሪያውን ለመጋዘን ያዋለ ሰው አለ። ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ሰው ግን ዛሬም ቢሆን ውሉን አፍርሷል። እሱን ለማስወጣት አዲስ የአምስት ዓመት ሕግ አያስፈልግም፤ የይዞታ መዝገቡን ከቀበሌ ቤት መዝገቡ ጋር ማስተያየት ይበቃል። የነዚህን ሰዎች ጥፋት ይዞ አልጋዋ ላይ ላስቲክ ያነጠፈችውን ሴት መቅጣት ግን ምርመራ ሳይሆን ጅምላ ነው።

አሁን እንግሊዝ። ጸሐፊው «እንግሊዞች እንኳ የካውንስል ቤት ኪራይን በአምስት ዓመት ገድበዋል» ብለዋል። የካውንስል ቤት ማለት የአካባቢ አስተዳደር የሚያከራየው ቤት ነው፤ የእነሱ የቀበሌ ቤት በሉት። ታሪኩ ግን ከመሀሉ ተቆርጦ ነው የቀረበው።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የእንግሊዝ የቤቶች ሕግ ለካውንስል ተከራይ ሁለት ነገር ሰጠው። አንደኛው፣ ፍርድ ቤት ሳያዝ ከቤቱ እንዳይነቀል የሚጠብቀው ዋስትና ነው። ሁለተኛው፣ የሚኖርበትን ቤት በቅናሽ የመግዛት መብት ነው። በዚህ በሁለተኛው ሳቢያ በእንግሊዝ ብቻ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት ተሸጠ፤ በምትኩ የተሠራው በጣም ያነሰ ነው። ዛሬ እዚያ አገር ከ1.2 ሚሊዮን በላይ አባወራ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ቤቱ ያለቀው ነባር ተከራይ ስለቆየበት አይደለም፤ ተሽጦ ስላልተተካ ነው። የእኛን የልደታና የካዛንቺስ ነገር እዚህ ላይ ያስታውሱ።

እጥረቱ ሲጠና መንግሥቱ ወደ ነባሩ ተከራይ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ ካውንስሎች ከፈለጉ ለአዲስ ገቢዎች በጊዜ የተገደበ፣ በአብዛኛው የአምስት ዓመት ውል እንዲሰጡ ፈቀደላቸው። አብዛኞቹ አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ ሕግ ወጥቶ ፈቃዱን ወደ ግዴታ ለወጠው፤ ግዴታው ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ በነሐሴ 2018 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ራሱ እንደማይተገብረው አስታወቀ። በዚያው ጊዜ በዓመት ከ31 ሺህ ፓውንድ፣ ለንደን ውስጥ ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚያገኝ የካውንስል ተከራይ ወደ ገበያ የተጠጋ ኪራይ ይክፈል የሚል ሐሳብ ነበር፤ እሱም በግዴታነቱ በዚያው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ኅዳር አካባቢ ተተወ። ጸሐፊው ለአዲስ አበባ ያዘዙልን መድኃኒት እንግዲህ ሐኪሙ ራሱ አልወስድም ያለው ነው።

ከመሰል የእንግሊዝ ሕጎች አንዱ ተግባራዊ ሆኗል፤ ውጤቱም ትምህርት አለው። ከሚያዝያ 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትርፍ መኝታ ክፍል አለህ የተባለ በድጎማ የሚኖር ተከራይ የኪራይ ድጎማው ለአንድ ትርፍ ክፍል 14፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 25 በመቶ ይቀነስበታል። ሰዉ ወደ ጠባብ ቤት ይዛወራል ተብሎ ነበር የታሰበው። የሚዛወርበት ጠባብ ቤት በበቂ ሁኔታ ስለሌለ ብዙው እዚያው ቆይቶ ከአስቤዛው እየቀነሰ ልዩነቱን ከፈለ። እጥረት ባለበት አገር «ተነስተህ ለሌላ ልቀቅ» የሚል ሕግ መድረሻ ያሻዋል፤ መድረሻው ካልተሠራ ሕጉ ቅጣት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አውሮፓን እንጥቀስ ከተባለ ቪየናን ለምን ዘለሏት? የከተማው አስተዳደር ወደ 220 ሺህ የሚጠጉ መኖሪያ ቤቶች አሉት። ውሉ የጊዜ ገደብ የለውም። ገቢ የሚጠየቀው ሲገቡ ነው፤ ከገቡ በኋላ ደሞዝዎ አደገ ብሎ የሚያስወጣ የለም። ስለዚህ ሐኪሙና የትራም ሾፌሩ አንድ ደረጃ ይወጣሉ፤ ሕንፃውም የድሃ መከማቻ ተብሎ አይናቅም። ይህን ያስቻላት ግን ቪየና ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምራ መሥራቷ ነው፤ ከ1923 እስከ 1934 ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ቤቶች ሠርታለች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ቀጥላበታለች። ሀብታም ስለሆነች ነው የሚል ካለ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት አድቅቋት፣ የሚበላው ያጣ ሕዝብ ይዛ ነው የጀመረችው።

የውርሱ ጉዳይ ብዙ አያናግርም። የቀበሌ ቤት አይወረስም፤ የሚቀጥለው ኪራይ የመክፈል ውል ነው። እናቱን እያስታመመ አርባ ዓመት የሞላውን ልጅ በሰልስቷ ማግስት ቁልፍ መቀበል ጸሐፊው ራሳቸው ቆመው የሚያዩት አይመስለኝም። ዘመድ ነኝ ብሎ በመጨረሻው ወር መታወቂያ ያስወጣና ሌላ ቦታ ቤት ያለው ልጅ ግን እንዳይተካ ሕጉ ይጥበቅ። በእንግሊዝም ቢሆን መተካት ያለ ልክ አይደለም፤ በመሠረቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልዩነታችን ጠባብ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ስለ እኔ ነው፤ ስለ ግል ቤት ተከራዩ። የቀበሌው ሰው ተረጋግቶ ይኖራል፣ አንተ ትንከራተታለህ፣ ይህ ይቆጭሃል ይሉኛል። ይቆጨኛል። ግን በ2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ምን አለ? የግል አከራይ ከሁለት ዓመት በታች አይዋዋል፤ ኪራይ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይጨምር፤ ጭማሪውም በሚተመነው ልክ ይሁን፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ። አገሪቱ በስንት ውጣ ውረድ አለመረጋጋት ቤተሰብ ያፈርሳል ብላ የግሉን ተከራይ ጥቂት ልታረጋጋው ስትጀምር፣ ጸሐፊው የመንግሥቱን ተከራይ ወደ እኛ መንከራተት ላውርደው ይላሉ። እኔን የሚጠቅመኝ አዋጁ በየወረዳው በትክክል እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ዛሬም ውል አላስመዘግብም፣ ከፈለግክ ውጣ የሚል አከራይ ሞልቷል። ጎረቤቴ ብትነቀል እኔ አልተከልም።

ጸሐፊው ተከታይ ጽሑፍ እንደሚያወጡ ጠቁመዋል። እንግዲያውስ ይህችን ብቻ ይመልሱልኝ፦ አምስት ዓመት የሞላት፣ ልጇ በወር አሥራ አምስት ሺህ ብር ማግኘት የጀመረላት እንጀራ ጋጋሪ ከቤቷ በወጣች ማግስት፣ ደንበኞቿ ምግብ ቤቶች ባሉበት በእግር መንገድ ርቀት፣ በልጇ ደሞዝ የምትከራየው ቤት የትኛው ሰፈር ነው? ሰፈሩን ከነዋጋው ይጥቀሱልን።